ቀጠሮ ለረቡዕ

ማጨብጨብ የሚባል ነገር ከሥራችን ቢነሳ ደስታውን አልችለውም። ሰው ሾርባውን ጨረሰ ተብሎ ይጨበጨብለታል? ልጅ አሳድጎ፣ ድሮ ኩሎ፣ ግማሹን ዘመዱን በእጁ ቀብሮ የኖረ ሰው ኳስ ቅርጫት ውስጥ ስላስገባ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይባላል? ይባላል። የምንለውም እኛው ነን፣ የሙያው ሰዎች። ይኼን ሳነሳ ደሜ ይፈላል፤ ጀምሬያለሁና እስክጨርስ ታገሡኝ።

ፀሐይ እባላለሁ። ሰበታ፣ ከአስፋልቱ ወደ ወጨጫ ተራራ በኩል ገባ ብሎ ባለ የአረጋውያን ማዕከል ውስጥ የውሎ ሠራተኛ ነኝ። ነርሶቹ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ አስታማሚዎቹ ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፤ እኔ ደግሞ ከቁርስ እስከ እራት ያለው ቀን ባዶ እንዳይሆን አደርጋለሁ። ባዶ ቀን ሰው ሲገድል ያላየ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ሰፈርተኛው «አጫዋቿ» ነው የሚለኝ። የገዛ እናቴ እንኳ ሥራዬን ስትጠየቅ «ሽማግሌ ታጫውታለች» ብላ ትስቃለች። መዋዕለ ሕፃናት የምውል ይመስል።

የውሎ ሠራተኞች ማኅበራችንን ያቋቋምነው በዚህ በዚህ አንጀታችን አርሮ ነው። ሦስት ሆነን ጀመርነው፤ እኔ ከሰበታ፣ ያኔት ከሱሉልታ፣ ፍቅረሥላሴ ከቡራዩ። ያኔት ሳቂታ ልጅ ናት፤ ሰው አድርጊ ያላትን ሁሉ ታደርጋለች፣ እምቢ የሚባል ቃል አፏ ላይ የለም። ፍቅረሥላሴ ደግሞ ሐምሌም ይሁን ግንቦት ክራቫት ሳያስር ከቤት አይወጣም። ዲግሪ አለው፣ አንደበት አለው፣ ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ አይርበተበትም። ሊቀመንበር ይሁን ሲባል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ራሷ ነካሽ ራሷ ከሳሽ ካላችሁኝ በሉኝ፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አሁን ኦቦ ገርባን ላስተዋውቃችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሳቸው ነውና።

ኦቦ ገርባ የመጡት ከሆለታ ማዶ ነው። ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። የወንድማቸው ልጅ አምጥቶ አስገባቸውና ተሰናብቶ ሄደ። ዓይናቸው ደህና ነው፣ ጆሯቸው ደህና ነው፣ በከዘራ እንደ ልባቸው ይራመዳሉ። ግን አልጋቸው ላይ ወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በቃ። ምሳ ሲቀርብላቸው ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ይገፉታል። ነርሷ መርምራ ምንም በሽታ አላገኘችባቸውም። ሰው አንዴ ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ ብዙ እንደማይቆይ እኛ ቤት የማያውቅ የለም።

ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። ኳስ ወረወርኩላቸው፤ ተቀብለው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ዳክዬ የተሳለበት ወረቀትና ቀለም ሰጠኋቸው፤ ቀለም ቀቡ ተብሎ ነው እንግዲህ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉኝ። የእኔ ኦሮምኛ ቲማቲም ለመግዛት ያህል ነው፤ ጥበቃችንን ጃዕፈርን ጠርቼ ምን እንዳሉ ጠየቅኩት። ጃዕፈር አንገቱን ደፍቶ፣ ይህቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው እንዲህ የምትሆነው እያሉ ነው አለኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት የጎረቤት ላም አጥር ጥሳ ገባችና የማዕከሉን ጎመን ሙልጭ አድርጋ በላችው። ጃዕፈር ላሟን አስሮ አልለቅም አለ። ባለላሙ ሐምዱ ዱላውን ይዞ መጣ። ስድቡ ከእናት አልፎ አያት ጋ ደረሰ፤ ይኼ ሁሉ ደግሞ ኦቦ ገርባ በተኙበት መስኮት ሥር ነው። ዝም ላሰኛቸው እየሮጥኩ ስደርስ ኦቦ ገርባ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከበሩ ብቅ አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ታኣ» አሉ። ተቀመጡ ማለት ነው። እነዚያ ሁለት ጎረምሶች፣ አንዱ ዱላ እንደያዘ፣ ሳር ላይ ቁጭ አሉ።

ሁለቱንም በየተራ ሰሙ። አጥሩን ማን ሳይጠግን እንደተወው ጠየቁ፤ ጃዕፈር ሆኖ ተገኘ። ላሟን ማን ያለ ጠባቂ እንደለቀቃት ጠየቁ፤ ሐምዱ ሆኖ ተገኘ። ጃዕፈር አጥሩን እንዲጠግን፣ ሐምዱ ለጎመኑ መደብ ፍግ እንዲያመጣ ፈርደው አሳሳሟቸው። የዚያን ቀን ምሳቸውን ጨርሰው ወጥ ይጨመርልኝ አሉ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለካ ኦቦ ገርባ ዕድሜ ልካቸውን በአገራቸው ጃርሳ ቢያ ነበሩ፤ የአገር ሽማግሌ፣ ሰው ሲጣላ ደጃቸው የሚመጣ። እኛ ቤት ከገቡ ወዲህ ያጡት እንጀራ አይደለም፣ ዳኙኝ የሚላቸው ሰው ነው። ወዳጆቼ፣ አንድ ሽማግሌን ለመግደል ከፈለጋችሁ አብሉት፣ አጠጡት፣ አልብሱት፣ ምንም ነገር ግን አትጠይቁት።

የረቡዕ ወንበር እንዲህ ተጀመረ። ግቢያችን ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር አግዳሚ አስቀመጥኩ። ኦቦ ገርባ መሐል ይቀመጣሉ። በቀኛቸው እማማ ሚርያም፣ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ሰበታ ገበያ ሲነግዱ የኖሩ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ። በግራቸው አባባ ዳኜ፣ የድሮ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ። አባባ ዳኜ የት እንዳሉ ራሱ ይረሳሉ፤ ግን ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው «ምስክር አለ?» ሲሉ ሁልጊዜ ልክ በሰዓቱ ነው። ጃዕፈር ያስተረጉማል። መጀመሪያ ጎረቤት ነው የመጣው። ቀጥሎ አከራይና ተከራይ። ቀጥሎ ዘርሁን የሚባል ከወላይታ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር። ኦቦ ገርባ ረቡዕ ጠዋት ሙቅ ውኃ አምጡልኝ ይላሉ፣ ጢማቸውን ይላጫሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ሰው ሆኑ። ሰውነታቸውስ ድሮም ነበር፤ እኛ ነን ያላየነው።

ታዲያ ይኼን ማን ሊያፈርሰው መጣ መሰላችሁ? የገዛ ማኅበሬ።

ፍቅረሥላሴ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ መመሪያ የሚባል ነገር አመጣ። የተፈቀዱ ተግባራት፣ ያልተፈቀዱ ተግባራት። ኳስ ተፈቅዷል። ፊኛ ተፈቅዷል። ዳክዬ መቀባት ተፈቅዷል፣ እሱማ ይቀራል እንዴ! ሽምግልና የለበትም። ስልክ ደውዬ ለምን ስለው የውጭ ሰው ጠብ አረጋውያንን ለጭንቀት ይዳርጋል አለኝ። ሙያዊ አይደለም አለ። ደግሞም በባህላዊ ድራማ መልክ ቢቀርብ ግን ሊታሰብበት ይችላል አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሥራ አስኪያጃችን ሮዛ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ፈሪ ናት። ማኅበሩ ዕውቅና ያልሰጠውን ነገር ብንቀጥል ረጂዎች ይጠይቁናል ብላ ተጨነቀች። በመጨረሻ የአባላቱ ጉባኤ እዚሁ ሰበታ፣ እኛ አዳራሽ ይደረግ፤ አባላቱ አይተው ድምፅ ይስጡ፤ ካላጸደቁት ረቡዕ ይቆማል ተባለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ክብር አገኛለሁ ብዬ ያቋቋምኩት ማኅበር የኦቦ ገርባን ክብር ሊወስድ ተነሳ።

ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ጃዕፈር ግን ነግሯቸው ኖሮ ያን ቀን እራታቸውን ገፉት። በማግሥቱ ቁርሳቸውንም። እዚያ ጉባኤ ላይ የሚወሰነው ምን እንደሆነ እኔና እሳቸው እናውቃለን። ረቡዕ ከተዘጋ ወደ ግድግዳው ይመለሳሉ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ደግሞ መቃብር ነው።

የጉባኤው ቀን ቅዳሜ ነበር። ማለዳ ስገባ አዳራሹ ውስጥ አንድም አረጋዊ የለም። የት ሄዱ ብዬ ስዞር ሁሉንም በረንዳ ላይ ደርድረዋቸዋል። ለእንግዶች ወንበር ቦታ ጠበበ ተብሎ ነው። የወጨጫ ነፋስ ቅዳሜ ነው ጉባኤ አለ አይልም፤ ይጋረፋል። እማማ ሚርያም ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበውት ነበር። ከውስጥ ደግሞ መድረኩ ላይ «የአረጋውያን ክብር ክብራችን ነው» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ጨርቁን አየሁ፣ በመስኮቱ በረንዳውን አየሁ። ሮዛን ይኼ ምንድን ነው ብላት ለትንሽ ሰዓት ነው አለችኝ። ያለኝን ብርድ ልብስ ሁሉ አውጥቼ ደረብኩላቸውና አፌን ዘጋሁ። ያኔት ዛሬ ብቻ፣ ለድምፁ ስትይ፣ እባክሽ አትቆጪ ብላ ለምናኝ ነበር።

አባላቱ ከሦስቱም ከተሞች መጡ። ንግግር ሆነ፣ ሻይ ሆነ፣ ብስኩት ሆነ። ከዚያ ፍቅረሥላሴ ማይክሮፎኑን ይዞ አሁን የሰበታን ተሞክሮ በተግባር እናያለን አለ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከበረንዳ ገብተው መድረኩ ፊት ወንበር ተሰጣቸው። ሐምዱና አንድ ጎረቤቱ የድንበር ጉዳይ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ቀጥሬያቸው ነበር። ፍቅረሥላሴ ግን ለአባላት ግልጽ እንዲሆን እኛው አዘጋጅተናል ብሎ ያኔትን ጠራት። ያኔት አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ ተነሳች። እሷና እሱ ባልና ሚስት ሊሆኑ ነው። ሽማግሌ ፊት የውሸት ጠብ ሊያቀርቡ! እንዲህ ያለ ሐሳብ ከእኛ ሙያ ሰው በስተቀር ለማን ይመጣለታል? ጨዋታ ለምደናላ፤ ሁሉም ነገር ጨዋታ ይመስለናል።

ያኔት ባሌ ይሰክራል፣ በሬያችንን ሸጦብኛል ብላ ጀመረች። እየተናገረች ሳቋ ያመልጣታል። አባላቱ ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። ኦቦ ገርባ ግን ከምራቸው ነው የሰሙት። ከዘራቸውን በሁለቱ መሐል አጋደሙት። ስትጋቡ ሽማግሌ ሆኖ የተላከው ማን ነበር ብለው በጃዕፈር በኩል ጠየቁ። ሁለቱ ተያዩ። ስንት ልጅ አላችሁ አሉ። ያኔት ሦስት ስትል ፍቅረሥላሴ ሁለት አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። የበኩር ልጃችሁ ስም ማን ነው አሉ። አንዱ ዮአብ አለ፣ አንዷ ሀሴት አለች። በዚህ መሐል አባባ ዳኜ ብንን ብለው «ምስክር አለ?» ሲሉ ሰው በሳቅ ወንበር ላይ ተንከባለለ።

እማማ ሚርያም ዝቅ ባለ ድምፅ «እየቀለዱብን ነው» አሉ።

ፍቅረሥላሴ ሰዓቱን አየ፣ ከወንበሩ ተነሳ፣ ፊቱን ወደ አባላቱ አዞረ። «ጎበዝ አባባ» አለ፤ «ለአባባ ሞቅ ያለ ጭብጨባ።» አጨበጨቡ። ያ ጭብጨባ ሾርባ ሲያልቅ የሚጨበጨበው ነው፤ እንኳን ጆሮዬ እግሬ ያውቀዋል። ኦቦ ገርባ የሚያጨበጭቡትን እጆች ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ከዘራቸውን አነሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበራቸውን አዞሩና ያን ሁሉ ሕዝብ ጀርባ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ።

ከዚህ በኋላ እኔን ማን ይያዘኝ? ቱግ ብዬ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ማይክሮፎኑን ከእጁ ነጠቅኩት። ክራቫት ያሰርክ ባዶ ጣሳ አልኩት። ውሸታም አልኩት። እነዚህን ሰዎች ነፋስ ላይ አስጥተህ ስለ ክብር ታወራለህ አልኩት። ይኼ ሁሉ አልበቃ ብሎኝ «አሳዳጊ የበደለህ» አልኩት፤ «እናትህ ሽማግሌ ማክበር ሳታስተምርህ ነው ወደ ሰው የለቀቀችህ።» እሱም ፊቱ ደም ለበሰ። ያ ሁሉ አንደበቱ ጠፍቶት «አንቺ ያልተማርሽ አጫዋች» አለኝ። አያችሁ? ያንን ቃል። ማኅበር ባስቋቋመን ቃል ሊቀመንበራችን በአባላት ፊት ሰደበኝ። ክራቫቱን ጨበጥኩት። ያኔት መሐላችን ገብታ ታለቅሳለች፣ ሮዛ ትጮኻለች፣ ሰው ይቀርጻል።

ከዘራ ወለሉን መታ።

ኦቦ ገርባ ወንበራቸውን መልሰው አዙረዋል። እኔንና እሱን ነው የሚያዩት። «ኩን ዱጋ ዳ» አሉ። ጃዕፈር ከበሩ ሊያስተረጉም አፉን ሲከፍት በእጃቸው አስቆሙትና ራሳቸው በአማርኛ ደገሙት፤ ለካ ይችላሉ።

«ይኼኛው እውነት ነው። ተቀመጡ።»

ክራቫቱን ለቀቅኩትና ተቀመጥኩ። ፍቅረሥላሴ ቆሞ ቀረ። ያቺን የሥራ ፈገግታውን ፈገግ አለ። እጆቹን ከፍ አድርጎ፣ አባባ ጎበዝ ሊል፣ ወደ አባላቱ ዞረ። የሚያጨበጭብለት ሰው ጠፋ። እጆቹ እዚያው አየር ላይ ቀሩ። እማማ ሚርያም «ልጄ፣ ቁጭ በል ተብለሃል» አሉት። ተቀመጠ።

ማን ቀድሞ ሰደበ ብለው ጠየቁ። እኔ አልኩ፤ መቼም አልክድ ነገር ሰው ሁሉ ቀርጾኛል። ምን አናገረሽ አሉኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ በረንዳውን፣ ነፋሱን፣ የውሸት ልጆቹን፣ ጭብጨባውን። አላቋረጡኝም። ከዚያ እሱን አንተስ አሉት። መጀመሪያ የሥልጠና ቋንቋውን ጀመረ፤ ተሞክሮ፣ አቅም ግንባታ ምናምን። ኦቦ ገርባ እስኪጨርስ ጠበቁት። ቋንቋው አለቀበትና ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። ቡራዩ ውስጥ እሱንም አጫዋች ነው የሚሉት። አማቱ በዓል ሲመጣ ዘመድ ፊት ዲግሪህን ለኳስ አዋልከው ይሉታል። የሰው ደጅ የጠናሁት ይኼ ሥራ ሥራ እንዲባል ነበር አለ። እሷ አንድ ቀን ደውላ አበጀህ አላለችኝም፣ ክራቫቴን ታያለች፣ ትስቃለች አለ። እውነቱን ነው፣ ብዬው አላውቅም። ስለዚህ ራራሁለት እንዳትሉ። አልራራሁለትም። የባሰ ነው የተናደድኩት፤ ሕመሙን እያወቀ በሰው ላይ እንዴት ይደግመዋል?

ሦስቱ ራሶች ተጠጋጉ። አባባ ዳኜ አንቀላፍተው ነበር፤ ቀስቅሰው ጠየቋቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኦቦ ገርባ ወደ እኔ ነው የዞሩት። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ የሌለችን እናት ጠርተሽ ሰደብሽ። የሌለ ሰው መልስ አይሰጥም። ቀድመሽ ተነሺና ይቅርታ ጠይቂው።»

እኔ? ለእሳቸው ብዬ የተጣላሁት እኔ፣ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂ እኔ! እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ወዲያው ግን ሁሉም ዓይን እኔ ላይ መሆኑን አየሁ፤ አባላቱ፣ ሮዛ፣ ጃዕፈር፣ በመስኮት የሚያዩት አረጋውያን። ወንበሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። እኔ ፍርዱን እምቢ ካልኩ ከነገ ወዲያ ማን እሺ ይላቸዋል? ብነሳ ደግሞ ለዚያ ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ስልክ እየቀረጸኝ፣ ጎንበስ ልል ነው። ሞቼ ነው ቆሜ?

ተነሳሁ። ጎንበስ አልኩ። «ይቅርታ» አልኩት፤ ቃሉ በጥርሴ መሐል ነው የወጣው።

ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። ሐሰት ይዘህ ሽማግሌ ፊት ቀርበሃል አሉት። ደግሞም እኛ ቤታችን ነው፣ ከቤታችን አውጥታችሁ ብርድ ላይ አስቀመጣችሁን አሉ። ወንበሩ ይውጣ፣ ሰዎቻችን ይግቡ፣ የመጀመሪያውን ወንበር አንተ ተሸከም። ፍቅረሥላሴ ሮዛን አየ። ሮዛ ወለሉን አየች። ወንበሩን አነሳ። ቀጥሎ ያኔት አነሳች፣ ቀጥሎ ሁሉም። እማማ ሚርያም በአጠገባቸው ወንበር ተሸክሞ የሚያልፈውን ሁሉ «በርቱ፣ በርቱ» እያሉ ይመርቁ ነበር፤ ምርቃት ይሁን ሽሙጥ እሳቸው ያውቃሉ።

ጉባኤው በረንዳ ላይ ቀጠለ። ነፋሱ የፍቅረሥላሴን ክራቫት ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ሰው እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቋል። ደረሰ፤ የረቡዕ ጉዳይ ለድምፅ ቀረበ። ያዘነልኝም የታዘበኝም እኩል ይመስል ነበር፤ በዚያ ሁሉ ስድብ መሐል ክራቫት ጨብጬ ማን ይመርጥልኛል?

ኦቦ ገርባ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ነገሩ አላለቀም» አሉ። «ልጅቷ ይቅርታ ያለችው በአፏ ነው። ልቧ አልበረደም። የእሱም አልበረደም። ቀጠሮ ለረቡዕ።»

ሮዛ እየተርበተበተች፣ ኦቦ፣ ረቡዕ እኮ ምናልባት ወንበሩ ላይኖር ይችላል ብላ ጀመረች። እማማ ሚርያም አላስጨረሷትም። «ቀጠሮ የተሰጠበት ወንበር አይዘጋም» አሏት። ሮዛም የሰው ልጅ ናት፣ ሽማግሌ አስታርቋት ያደገች። ሽማግሌ የቀጠረውን ነገር አፍርሳ ለምን ትወቀስ? አባላቱም ተያዩ። ከመካከላቸው ሽማግሌ ልኮ ያላገባ፣ ሽማግሌ ገብቶ ያልታረቀ የለም። ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ስለሆነ ድምፁ እርቁ እስኪያልቅ ይቆይ የሚል ሐሳብ ከኋላ መጣ። ቀድማ እጇን ያወጣችው ያኔት ናት። ፍቅረሥላሴ ሲቆጣት አየሁት፤ እጇን ግን አላወረደችም።

ረቡዕ ጠዋት ኦቦ ገርባ ሙቅ ውኃ አምጡልኝ አሉ።

ፍቅረሥላሴ ከቡራዩ መኪና እየቀያየረ መጣ። የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። የአግዳሚው ዳር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ሌላው ዳር ላይ። የሐምዱ የድንበር ጉዳይ ታየ፣ የዘርሁን ታየ፣ በመጨረሻ የእኛ ተጠራ። ኦቦ ገርባ ልብሽ በርዷል ወይ አሉኝ። አልበረደም አልኩ። ያንተስ አሉት። እናቴን ነው የሰደበችው አለ። «እንግዲያ ለረቡዕ» አሉ።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። አሁንም እንመላለሳለን። እሱ አሁን ሲመጣ ክራቫቱን ፈታ አድርጎ ነው፣ አንዳንዴም ለእማማ ሚርያም ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ይኼ እኔን አያታልለኝም። ቡራዩ ውስጥ ለሾርባ ማጨብጨቡን አልተወም፣ ሰምቻለሁ። መመሪያውም አልተሻረም። እርቅ የወረደ ቀን ድምፁ ይሰጣል፤ ድምፁ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ኦቦ ገርባን ደግሞ መዋሸት አልችልም። የውሸት ጠብ ይዤ እዚያ ወንበር ፊት ከቀረብኩ እኔስ ከእሱ በምን ተሻልኩ? ስለዚህ ንዴቴን እንዳይበርድ እጠብቀዋለሁ። ማክሰኞ ሲመሽ፣ ቀዝቀዝ ያለ ከመሰለኝ፣ ስልኬን አውጥቼ ያን ቀን የተቀረጸውን አያለሁ። ያንን ሳቅ፣ ያንን ጭብጨባ፣ ኦቦ ገርባ ቀስ ብለው ወንበራቸውን ሲያዞሩ። ይፈላል፤ ልክ እንደዚያን ቀን ይፈላል።

ረቡዕ ልብሽ በርዷል ወይ ይሉኛል፤ አልበረደም ኦቦ እላቸዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ረዘም አድርገው ያዩኛል። ከዚያ እንግዲያ ለረቡዕ ብለው ከዘራቸውን ያነሱና ምሳ ደርሷል ወይ ብለው ይጠይቃሉ።